ከዜሮ በታች

ጠጅቱ ባጫ የልጇን የሩጫ ጫማ በሽንኩርት መክተፊያ ቢላ የቀደደች ዕለት፣ ልክ መሆኗን ቅንጣት ታህል አልተጠራጠረችም። እናት ነኝ፣ የማደርገውን አውቃለሁ አለች። በእርግጥም የምታውቀው ነገር ነበራት። ሩጫ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚነሳ ከእሷ በላይ የቀመሰ በዚያ ሰፈር አልነበረም።

ሱሉልታ ተወልዳ ያደገች የገበሬ ልጅ ናት። በልጅነቷ ከጎጃም መንገድ ወዲያ ያለው ሜዳ እንደዛሬው የግንብ አጥር አልበላውም ነበር። ማለዳ ማለዳ ሯጮች በቡድን በቡድን ሆነው ጤዛውን እየረገጡ ያልፋሉ። ጠጅቱ ሰባተኛ ክፍል ሳለች አንድ አሰልጣኝ ከነዩኒፎርሟ ስትሮጥ አያት። እሷ እንኳ የምትሮጠው ትምህርት ቤት ረፍዶባት ነበር። ሰውየው ግን አስቁሞ የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቃት። በሳምንቱ ከሯጮቹ ጋር ሜዳ ላይ ታየች፤ ዓመቱ ሳያልቅ ደብተሮቿ የት እንደገቡ የሚያውቅ ጠፋ።

ሮጠችም። ክለብ ገባች፣ በአገር ውስጥ ውድድሮች ከፊተኞቹ ተርታ ትታይ ጀመር፣ ስሟን በሬዲዮ የሰሙ ዘመዶች አባቷን ኦቦ ባጫን ገበያ ላይ እያስቆሙ እንኳን ደስ ያለዎት አሏቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውጭ አገር ልትወጣ ፓስፖርት አውጥታ ስትጠባበቅ የተረከዟ ጅማት ከዳት። ታሸች፣ ጸበል ተጠመቀች፣ ሐኪም ቤት ተመላለሰች። እግሯ ለመራመድ ዳነ፤ ለሩጫ ግን አልዳነም። ክለቡ "ሲሻልሽ ነይ" ብሎ ሸኛት። ሲሻልሽ ነይ የተባለ ሰው ተመልሶ እንደማይጠራ ለመረዳት ጊዜ ወሰደባት።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ፍለጋ በሄደችበት ሁሉ አንድ ጥያቄ እየቀደመ በር ላይ ይጠብቃት ነበር፦ "ስንተኛ ክፍል ደርሰሻል?" ሰባተኛን እንኳ እንዳልጨረሰች ስትናገር ጠያቂው ወረቀቱን አጠፍ አድርጎ "እንግዲህ እንጠራሻለን" ይላታል። በኋላ የባጃጅ ሾፌሩን ዲሪርሳን አገባች፣ ሁለት የወተት ላሞች አረባች፣ ፌኔትን ወለደች። ኑሮዋ ክፉ አልነበረም። ብቻ አንድ ነገር ውስጧን ይበላታል፤ ያን ጊዜ ያ ሰው ባያስቆመኝ፣ ወይም አስቁሞኝም ረፍዶብኛል ብዬ ባልፈው፣ ዛሬ የት እደርስ ነበር የሚል ነገር። ሌሊት ላሟ ስታምጥ አብራ ስትቀመጥም፣ ወተት ይዛ ወረፋ ስትጠብቅም ይመጣባታል።

ፌኔት አድጋ ሰባተኛ ክፍል ስትገባ ይህ ነገር ባሰባት። ልጅቷ አሯሯጧ ቁርጥ እናቷን ነው። ይባስ ብሎ የሰፈሩ ታዳጊዎች አሰልጣኝ አይቷት፣ ሌላ ሯጭ ጥቂት ያደረገችውን ደህና ጫማ ሰጥቷት ነበር። የሂሳብ ውጤቷ ደግሞ ከፈተና ፈተና እየወረደ ሄደ። ጠጅቱ ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ስታየው የራሷ ታሪክ በልጇ እግር ተመልሶ የመጣ መሰላት።

"ይቺ ልጅ ስምንተኛን ሳታልፍ አይኔ አይከደንም" አለች ለባሏ።

"ታልፋለች፣ ምን አስቸኮለሽ" አለ ዲሪርሳ።

እሷ ግን ቸኩላለች። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደጃፉ ላይ ባለው አግዳሚ ታስቀምጥና የሂሳብ መጽሐፉን ጭኗ ላይ ዘርግታ ታስጠናት ጀመር። ማባዛቱን፣ ማካፈሉን ጠጅቱ አልረሳችውም። ክፍልፋይም ቢሆን በደህና ቀን ገብቷታል። "አንድ ሦስተኛ ሲደመር አንድ አራተኛ?" ትላታለች። ልጅቷ ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምራ "ሁለት ሰባተኛ" ስትል አግዳሚውን በመዳፏ ትመታዋለች። "ታቹ ሳይመሳሰል አይደመርም አላልኩሽም? አስራ ሁለት አድርጊው! ሰባት አስራ ሁለተኛ ነው!"

"ለምንድን ነው ግን የማይደመረው?" ብላ ጠየቀቻት ፌኔት አንድ ቀን።

"ስለማይደመር ነዋ።"

እንዲህ እንዲህ እያለ ጥናቱ የጭቅጭቅ ሰዓት ሆነ። ፌኔት መጽሐፉን ስታይ ትከሻዋ ይወርዳል። የምታውቀውንም መልስ የእናቷን ፊት እያየች በጥያቄ ድምፅ ነበር የምትናገረው፤ "አስራ አምስት...?" ትላለች፣ የጠጅቱ ቅንድብ ከተነሳ "አይደለም፣ አስራ ስድስት" ብላ ታጥፋለች። ጠጅቱ ይህንን ከስንፍና ቆጠረችው።

ጥር ላይ ትምህርቱ ከዜሮ በታች ካሉት ቁጥሮች ደረሰ። እነዚህ ቁጥሮች ጠጅቱ ክፍል ውስጥ አላገኘቻቸውም፤ የእሷ ክፍል ወደእነሱ ሲዞር እሷ ሜዳ ላይ ነበረች። ይህንን ግን ለልጇ አልተናገረችም። አላውቀውም ማለት ከብዷት ሳይሆን የምታውቀው መስሏት ነው። ከዜሮ በታች ማለት ጉድለት ማለት ነው፣ ጉድለት ላይ ሲቀንሱ ጉድለቱ ይብሳል፣ ሌላ ምን አለው?

በዚያን ቀን ከሰዓት ፌኔት ከልምምድ ተመልሳ ጫማዋን አጥባ በራፍ ላይ አስጥታዋለች። ጠጅቱ መጽሐፉን ገልጣ ታነባለች።

"ከኔጌቲቭ ሦስት ላይ ኔጌቲቭ አምስት ሲቀነስ?"

ፌኔት አይኗን ጨፈን አድርጋ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ከዚያ ቀና ብላ "ሁለት" አለች። የጥያቄ ድምፅ አልነበረውም።

"ስንት?"

"ሁለት።"

"ቀልብሽን ሰብስቢና አስቢው።"

"አሰብኩት እኮ እማ። ሁለት ነው።"

"እንዴት ሆኖ? ከዜሮ በታች ሦስት ላይ ነሽ። ከዚያ ላይ ደግሞ አምስት ተቀነሰብሽ። ሲቀንሱብሽ ነው ወደ ላይ የምትወጪው? ሲቀንሱለት የሚጨምር ምን ነገር አይተሽ ታውቂያለሽ? ኔጌቲቭ ስምንት ነው።"

"መምህራችን ግን ኔጌቲቭ ሲቀነስ ይደመራል ነው ያለን።"

"መምህራችሁ እንዲህ ያለ ነገር አያስተምርም። አንቺ ልብሽ ሜዳ ላይ ሆኖ የሚለውን አትሰሚም። በይ ኔጌቲቭ ስምንት ብለሽ ጻፊ።"

ፌኔት እርሳሱን አነሳች፤ ነገር ግን አልጻፈችም። "ሁለት ነው" አለች ለሦስተኛ ጊዜ፣ ቀስ ብላ። "ይሄን አውቀዋለሁ።"

ያቺ ልጅ ስትከራከር ጠጅቱ አይታ አታውቅም። ለወራት በእያንዳንዱ መልስ ፊቷን እያየች ስታጥፍ የኖረች ልጅ ዛሬ አይን አይኗን እያየች ሙጭጭ አለች። ጠጅቱ ይህን ንቀት ነው አለችው። አሰልጣኙ ጫማ ቢሰጣት፣ ሜዳ ላይ ቢያጨበጭቡላት፣ እናቷን ናቀች። "አፍ አወጣሽብኝ!" ብላ ተነሳች። ቢላው ሽንኩርት ከከተፈችበት ሰሃን ላይ ነበር። አንስታ የተሰጣውን ጫማ ያዘች። ጨርቁ በቀላሉ ተተረተረ፣ ሶሉ ግን አስቸገራት፤ ጉልበቷ ስር ይዛ ነው የቀደደችው።

ፌኔት አልጮኸችም። ጫማው ተቀዶ ሲያልቅ ቁርጥራጩን አይታ ወደ ቤት ገባች። የሯጭ ጫማ ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

ዲሪርሳ ወደ ማታ ባጃጁን አቁሞ ሲገባ ደጃፉ ላይ ያለውን አየ።

"ምን አጥፍታ ነው?"

"ሂሳብ ተሳስታ። ተሳስታም አልቀረች፣ ትከራከረኛለች።"

ዲሪርሳ ጎንበስ ብሎ ቁርጥራጩን ለቀመ። ብዙ የማይናገር ሰው ነው። "ሂሳብ የተሳሳተ ሰው ጫማው ይቀደዳል እንዴ?" አለና ወደ ውስጥ ገባ።

በማግስቱ ፌኔት ትምህርት ቤት ብላ ወጥታ አልተመለሰችም። ጀምበር ስታዘቀዝቅ የዲሪርሳ እህት ብርቅዬ ከቡራዩ ደወለች። ልጅቷ እሷ ዘንድ ናት፣ ደህና ናት፣ አልመለስም ብላለች። ዲሪርሳ ሄዶ አይቷት መጣ። "ትንሽ ትቆይ" አለ፤ "የትምህርት ዓመቱ ሲያልቅ እንነጋገራለን።" ጠጅቱ ግን "ልጅ ናት ወደ እናቷ የምትመጣው፤ እናት ወደ ልጅ ይቅርታ ልትጠይቅ አትሄድም" ብላ ተገዘተች። ትንሽ ትቆይ የተባለው ትንሽ ሰነበተ። ፋሲካ አለፈ፣ ክረምቱ ገባ። መስከረም ሲቃረብ ብርቅዬ እዚያው ቡራዩ ትምህርት ቤት እንዳስመዘገበቻት፣ እዚያም ለታዳጊዎች ቡድን እንደምትሮጥ ነገረቻቸው።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ጠጅቱ ስለ ልጇ ስታነሳ የምትለው አንድ ነገር ነበር፦ "ለመማር ያልፈለገች ልጅ ናት። እኔ አጋጣሚውን ባገኝ እኮ..." ይህን ነገር በየቡናው፣ በየወተቱ ወረፋ ላይ ደጋገመችው። አንድ ቀን ዲሪርሳ ምሳውን እየበላ ጉርሻውን አቁሞ "እንግዲያው አንቺ ራስሽ ተማሪዋ" አላት። "እዚህ ትምህርት ቤት ለትልልቅ ሰዎች ቅዳሜና እሁድ ያስተምራሉ። ማን ከለከለሽ?"

ሲናገር ለማብሸቅ ይሁን ከልቡ አላወቀችም። እልህ ያዛትና በሳምንቱ ሄዳ ተመዘገበች።

መማሪያ ክፍሉ በሳምንቱ ቀናት የሕፃናት ስለሆነ ዴስኩ ዝቅ ያለ ነው። ጉልበቷን አግድም አድርጋ ነበር የምትቀመጠው። አብረዋት የሚማሩት የቤት ሠራተኞች፣ የጥበቃ ሠራተኞች፣ አንድ ሁለት ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናቶች ናቸው። የሂሳብ መምህርቷ ሳሊሃ የጅማ ልጅ ናት፤ ገና ወጣት፣ ፈገግታዋ የማይጠፋ፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እያቀላቀለች የምታስረዳ። ከእሷ የሚበልጡትን ሴቶች በአክብሮት "አዴ" እያለች ነው የምትጠራቸው።

ጠጅቱ ሂሳቡ የሚቀላት መስሏት ነበር። የመጀመሪያው ቀን ክፍልፋይ መጣና እጇን አውጥታ ሰሌዳው ላይ ሠራችው።

"በጣም ጥሩ አዴ ጠጅቱ" አለች ሳሊሃ። "ለምንድን ነው ግን መጀመሪያ ታቹን ያመሳሰልሽው?"

ጠጅቱ ጠመኔውን እንደያዘች ዞረች። "ካልተመሳሰለ አይደመርማ።"

"ለምን አይደመርም?"

ጠጅቱ ወደ ሰሌዳው ዞራ ቁጥሮቹን እንደገና አነበበቻቸው። ሳሊሃ ሁለት ወረቀት አመጣች፤ አንዱን ለሦስት፣ አንዱን ለአራት አጥፋ ቀደደችና ሁለቱን ቁራጮች ጎን ለጎን ያዘቻቸው። "እኩል ናቸው? እንግዲህ እኩል ያልሆነ ቁራሽ አንድ፣ ሁለት ተብሎ አብሮ ይቆጠራል? መጀመሪያ ሁለቱንም እኩል በሆነ ትንሽ ቁራሽ መቁረጥ አለብን።" ነገሩ ይኸው ነበር። ጠጅቱ ወደ ቦታዋ ተመልሳ ስትቀመጥ ልጇ በዚያ አግዳሚ ላይ ሆና "ለምን?" ያለቻት ትዝ አላት። ትንሽ ከነከናት። ቢሆንም መልሱን እኔ አልተሳሳትኩም፣ ምክንያቱን ብቻ ነው ያላወቅኩት ብላ ራሷን አጽናናች።

ኅዳር ላይ ከዜሮ በታች ያሉት ቁጥሮች መጡ።

ሳሊሃ ዴስኮቹን ወደ ግድግዳ አስጠግታ ወለሉ ላይ ከበሩ እስከ መስኮቱ ረዥም መስመር በጠመኔ አሰመረች። መሃሉ ላይ ዜሮ፣ ወደ መስኮቱ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ወደ በሩ ደግሞ ኔጌቲቭ አንድ፣ ኔጌቲቭ ሁለት እያለች ጻፈች።

"ዛሬ በእግራችን ነው የምንሠራው" አለች። "ስትጀምሩ ሁልጊዜ ፊታችሁ ወደ መስኮቱ ነው። ደምሩ ከተባላችሁ ፊታችሁን እንዳለ ተዉት። ቀንሱ ከተባላችሁ ዙሩ። ከዚያ ቁጥሩን እዩ። እንዲሁ ቁጥር ከሆነ ወደፊት ሂዱ፤ ኔጌቲቭ ከሆነ ሳትዞሩ የኋሊት ሂዱ።"

አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ተነስቶ ከአራት ላይ ስድስት ቀነሰ። አራት ላይ ቆመ፣ ወደ በሩ ዞረ፣ ስድስት እርምጃ ሄዶ ኔጌቲቭ ሁለት ላይ ደረሰ። ክፍሉ ሳቀ፣ አጨበጨበ። ጠጅቱም ሳቀች። ከዚያ ነገሩ ከየት እንደመጣ ሳታውቀው እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ከኔጌቲቭ ሦስት ላይ ኔጌቲቭ አምስት ሲቀነስስ?"

"ጎበዝ! እሱ ነው ሁሉንም ሰው የሚያስቸግረው። ነይና ራስሽ ሂጂበት።"

ጠጅቱ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳችና ኔጌቲቭ ሦስት ላይ ቆመች፤ ፊቷ ወደ መስኮቱ።

"ቀንሺ ነው የተባልሽው" አለች ሳሊሃ።

ዞረች። አሁን ፊቷ ወደ በሩ ነው።

"ስንት?"

"ኔጌቲቭ አምስት።"

"ስለዚህ?"

"የኋሊት።"

አንድ ብላ ጀመረች። ከኋላዋ ያለው አይታያትም። ድሮ የከዳትን ተረከዟን እያስቀደመች፣ ወለሉን እየዳበሰች አምስት እርምጃ ሄደችና ቆመች። ቁልቁል ስታይ ሁለት እግሮቿ መሃል "2" ተጽፏል።

"ልክ ነው" አለች ሳሊሃ።

"ልክ አይደለም" አለች ጠጅቱ።

"ልክ ነው እንጂ አዴ ጠጅቱ። ካላመንሽ ድገሚው።"

ወደ ኔጌቲቭ ሦስት ተመለሰች። ቆመች፣ ዞረች፣ የኋሊት ሄደች። ያው ሁለት። ክፍሉ አጨበጨበላት፤ ሳሊሃም ጉድለት ከላይህ ሲነሳልህ ተረፈህ ማለት ነው እያለች ለሌሎቹ ታስረዳ ጀመር። ጠጅቱ ግን ከዚያ በኋላ ምንም አልሰማችም። የምታየው ጉልበቷ ስር ተይዞ የሚቀደደውን ጫማ ነበር። ልጅቷ ደግማ ደጋግማ "ሁለት ነው፣ ይሄን አውቀዋለሁ" ያለችው ንቀት አልነበረም። ስለምታውቀው ነበር።

ቤት እንደገባች ለዲሪርሳ ነገረችው። "ልክ ነበረች።"

"ማን?"

"ፌኔት። መልሱ ሁለት ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

ዲሪርሳ የባጃጁን መስታወት እየወለወለ ነበር። ጨርቁን አስቀመጠ። "ታዲያ ይሄን ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ?" አላት።

በሚቀጥለው ቀን ክፍሏን ትታ ወደ ቡራዩ ሄደች። ከሱሉልታ እስከ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያም በዊንጌት፣ በአስኮ እየቀያየረች፣ ሚኒባሱ ውስጥ የምትለውን እያጠናች ነው የሄደችው። መጀመሪያ መልሱ ሁለት እንደነበረ ትነግራታለች። ከዚያ መስመሩን መሬት ላይ አስምራ ታሳያታለች። ልጅቷ ትስቃለች። ከዚያ አብረው ይመለሳሉ። እንዲህ አድርጋ ነበር በልቧ የጨረሰችው።

ብርቅዬ በሩን ከፍታ ስታያት አፏን በመዳፏ ያዘች። "አካም ጅርታ ጠጂ! ግቢ፣ ግቢ። ከልምምድ እየመጣች ነው።" አስቀምጣት ውኃ እያቀረበች፣ ነገር ያለበት ሰው እንደሚያደርገው ወዲያ ወዲህ አለች። በመጨረሻ "አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ሳትናደጂ" አለቻት። "ትምህርቱን ትታዋለች። ጥቅምት ላይ ነው የተወችው። ለዲሪርሳ ልናገር አፌ እንቢ አለኝ። ብለምናት፣ ብቆጣት፣ ወይ ፍንክች።"

ጠጅቱ ልትመልስ ስትል ፌኔት ገባች። በአንድ ዓመት ውስጥ ረዝማለች፤ ጉንጯ ገባ ብሎ የሯጭ ፊት አውጥታለች። ለካ ጠጅቱ ይህን ፊት ታውቀዋለች፤ ድሮ መስታወት ውስጥ ታየው ነበር። ልጅቷ በሩ ላይ ትንሽ ቆማ ከዚያ መጥታ ጉልበቷን ሳመች። እናት ልጇን ቀና አድርጋ አቀፈቻት። ብርቅዬ የሆነ ነገር ላመጣ ብላ ወጣች።

"ፌኔት" አለች ጠጅቱ። የተጠናው ሁሉ ጠፋባት። "ያ ጥያቄ... መልሱ ሁለት ነው። አንቺ ነበርሽ ልክ።"

ልጅቷ የትኛው ጥያቄ ብላ አልጠየቀችም። አንገቷን አቀርቅራ የጃኬቷን ዚፕ ከፍ ዝቅ ታደርግ ጀመር።

"እውነት ሁለት ነው?" አለች በመጨረሻ።

"ሁለት ነው። እየተማርኩ ነው አሁን። በእግሬ ሄጄበት አየሁት። እንዴት እንደሆነ ላሳይሽ እችላለሁ።"

"እኔኮ ከዚያ በኋላ ተሳስቼ ነው ብዬ ነበር" አለች ፌኔት። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። "ሌላውን ሁሉ ስመልስ እርግጠኛ አልነበርኩም እማ። እየገመትኩ ነበር የምመልሰው። እርግጠኛ የነበርኩት እሱን ብቻ ነው። እሱም ስህተት ከሆነ እንግዲህ ጭንቅላቴ አይሠራም ማለት ነው አልኩ። እዚህም ገብቼ ሂሳብ ሲመጣ ዝም ብዬ እቀመጥ ነበር። ልክ ይሁን አይሁን በምን አውቃለሁ?"

ጠጅቱ ስለ ጫማው ይቅርታ ልትጠይቅ ነበር የመጣችው። ልጅቷ ግን ሌላ ጫማ አግኝታለች፤ ያው እግሯ ላይ አለ። የተቀደደው ሌላ ነገር ነበር፤ ይህን ደግሞ ማንም አሰልጣኝ መልሶ አይሰጣትም።

"አጥፍቻለሁ ልጄ" አለች። "ይቅር በይኝ።"

"ይቅር ብያለሁ እማ። ቆየ እኮ።"

"ነይ እንሂድ። እኔም እማራለሁ፣ አንቺም ትማሪያለሽ። አብረን እንሠራዋለን።"

ፌኔት ፈገግ አለች። እናት ልጇን ሳይሆን ልጅ እናቷን የምታባብልበት ዓይነት ፈገግታ ነበር። "እስቲ ይሄ ዓመት ይለፍ። ውድድር አለብን።"

ይሄ ዓመት ይለፍ። ጠጅቱ ራሷ ይህን ቃል በዚያ ዕድሜዋ ለክፍል ኃላፊ መምህሯ ተናግራው ነበር፤ መምህሯም ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው ሸኝተዋታል። ያን ጊዜ ለምን እንዳልተቆጧት አሁን ገባት። አንዳንድ ቃል መልስ የለውም።

ጠመኔ አላወጣችም፣ መስመርም አላሰመረችም። ልጅቷ ደክሟት ነበር። እራታቸውን አብረው በልተው፣ ጠጅቱ የልጇን ባት በዘይት አሽታላት፣ የቀኙን ጅማት ስትነካው አንቺ ይሄንን አትናቂው፣ አሞሽ ከሆነ ለማንም ብለሽ አትሩጪበት ብላ አስጠነቀቀቻት። በዚህ በኩል የምትናገረውን ልጅቷ ከልብ ሰማቻት። በማግስቱ ጠዋት ብቻዋን ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ ይነጋገራሉ። ፌኔት በዓል ሲሆን ሱሉልታ መጥታ ትሰነብታለች፣ ላሞቹን ታልባለች፣ ከአባቷ ጋር በባጃጅ ገበያ ትወርዳለች። ጠጅቱ ቅዳሜና እሁድ መማሯን ቀጠለች። ልጅቷ ቤት ባለች ጊዜ መጽሐፉን ደጃፉ ላይ ዘርግታ ትቀመጣለች፤ ምናልባት መጥታ አጠገቧ ትቀመጥ ይሆናል ብላ። ፌኔት አለፍ ስትል "በርቺ እማ" ትላታለች እንጂ አትቀመጥም። ጠጅቱም ነይ አትላትም፤ ነይ ያለቻት ቀናት ምን እንዳመጡ ታውቃለች።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና በተከታዩ ዓመት ሰኔ ላይ ነበር። ልጆቿ ሊሆኑ በሚችሉ ተማሪዎች መሃል ተቀምጣ ተፈተነች። አጠገቧ የተቀመጠች ልጅ እርሳሷን እየነከሰች የጠጅቱን ፊት በጭንቀት ታየው ነበርና፣ ፈገግ አለችላት።

ውጤቱ የተነገረ ዕለት ከትምህርት ቤቱ አጥር ስር ቆማ ወደ ቡራዩ ደወለች።

"አለፍኩ" አለች።

ፌኔት ስልኩ ውስጥ እልል አለች። ከኋላዋ የሌሎች ልጆች ሳቅና ጫጫታ ይሰማል። ሜዳ ላይ ናት። "እማ! ጎበዝ! ሂሳብስ? ሂሳብስ እንዴት ሆነ?"

"ደህና ነው። ከአማርኛው በለጠ።"

"በለጠ?" አለች ፌኔት። "እኔም እኮ..." ብላ ጀመረችና ፊሽካ ተነፋ፤ አንድ የወንድ ድምፅ ስሟን ጠራ። "እየተጠራሁ ነው እማ። ማታ እደውላለሁ እሺ?"

"እሺ ልጄ። ሂጂ።"

ማታ ደወለች። ስለ ልምምዱ፣ ስለ ብርቅዬ ጉንፋን፣ ስለሚመጣው ውድድር ብዙ አወሩ። ጠጅቱ "እኔም እኮ" ብላ የተወችውን እንድትጨርሰው ስትጠብቅ ቆየች። ልጅቷ ረስታዋለች፤ እሷም አላስታወሰቻትም።